የጋሽ መኳንንት ደጅ ጥናት

የጋሽ መኳንንትን ማረፍ በስልክ የነገሩኝ ባለቤቱ እትዬ ፀሐይ ናቸው። ከጀሞ ወደ ብስራተ ገብርኤል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ በሁለት ሰው መሀል ተጣብቄ ነበር። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ቢያንስ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለት። ከአፌ የወጣው ግን «መለሱለት እንዴ?» የሚል ጥያቄ ነው። እትዬ ፀሐይ አልተቆጡኝም፣ አልገረማቸውምም። «አልመለሱም ልጄ፤ ዛሬም ጠዋት ስልኩን አየና መልሶ አስቀመጠው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለታችንም ያለቀስነው።

መልስ የሚጠብቀው ከማን እንደነበር ላስረዳ። እኔና ጋሽ መኳንንት ጀሞ፣ ከፋርማሲና ከጫማ ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አብረን ሠርተናል። ሥራችን የገጠር ጤና ጣቢያዎች የእርጉዝ እናቶችን የአልትራሳውንድ ምስል አዲስ አበባ ላለ ሐኪም የሚልኩበትን ድረ ገጽ መሥራትና መንከባከብ ነበር። ድረ ገጹን ከባዶ አልሠራነውም። ማንም ሰው በነጻ የሚወስደው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፍሬምወርክ አለ፤ ምሰሶውና ማገሩ ቆሞ እንደሚሰጥ ቤት ነው፣ ጭቃውንና ቀለሙን ባለቤቱ ይጨምርበታል። ማገሩ ላይ ስንጥቅ ያገኘ ሰው ደግሞ ራሱ ጠግኖ «ይህን ተቀበሉኝ» ብሎ ለፍሬምወርኩ ጠባቂዎች መላክ ይችላል። ጠባቂዎቹ በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ካመኑበት ከዋናው ኮድ ጋር ይቀላቅሉታል፣ ጥገናውም የዓለም ሁሉ ይሆናል። ጋሽ መኳንንት የመጨረሻ ዓመታቱን የጨረሰው እነዚህ ሰዎች ደጅ ላይ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በክረምትም በበጋም አንድ አመድማ ኮት የሚለብስ የጎጃም ሰው ነበር። ከእኛ ከወጣቶቹ በዕድሜ ብዙ ይበልጠናል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን «ጋሽ መኳንንት፣ ይህን ኮድ ቢያዩልኝ?» ብዬው ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ማንን ነው አንቱ የምትይው?»

«እርስዎን።»

«እዚህ ቤት አንቱ የሚባለው ሰርቨሩ ብቻ ነው። እሱ ሲቆጣ ሁላችንም እንቆማለን። እኔን አንተ በይኝ፣ ስህተቴንም ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

እንዲህ ያለው ሰው ግን ለፍሬምወርኩ ጠባቂዎች የሚሰጠው ክብር ለጉድ ነበር። ማሻሻያ ሐሳብ ሲልክ ከወንበሩ ይነሳል፣ የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ይቆልፋል፣ ቆሞ መላኪያውን ይጫናል። ከዚያ ቁልፉን ፈትቶ ይቀመጣል። ስንስቅበት አይከፋም። «የሰው ቤት ልገባ አይደል? ደረቴን ከፍቼ ልግባ?» ይለናል። ጠባቂዎቹ በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው፤ አንደኛው በፎቶው ቦታ ድመት ለጥፏል። ድመቷንም ተነስቶ ነው የሚያናግራት።

ያገኘው ስንጥቅ ይህ ነበር። ምስል እየተላከ መሀል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ ፍሬምወርኩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኔትወርክ በማይቋረጥበት አገር ይህ ምንም አይደለም። ከዋናው መንገድ በራቀ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ዓለሚቱ ግን ምስል ለመላክ ኮረብታ ትወጣለች፣ ኮረብታውም ላይ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ነው። እሷ እዚያ ቆማ፣ እኛ ጀሞ ተቀምጠን፣ የምናደርገውን ንግግር ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

«ጋሽ መኳንንት፣ ደረሰ?»

«ሊያልቅ ነው ሲስተር፤ ትንሽ ናት የቀረችው። ትንሽ... ኧረ በእመቤቴ! ተመለሰ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

«እናትየዋ እኮ ምጥ ላይ ናት። ምን ልበላት?»

ያን ቀን ምስሉ ሳይደርስ መሸ። ሴትዮዋን በተገኘ መኪና ጭነው ከተማ አወረዷት፤ እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። ሲስተር ዓለሚቱ ደውላ ስትነግረው ጋሽ መኳንንት ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «እሺ እህቴ፣ እሺ እህቴ» ብቻ አለ። ያን ሳምንት ቀልድ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም፤ በሳምንቱ መጨረሻ ጥገናውን ጽፎ ጨረሰ። ምስሉን ቆራርሶ በትንሽ በትንሹ ይልካል፣ የደረሰውን ይይዛል፣ ኔትወርክ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ ጋ ባለው ኮድ ላይ አስገባነውና ሠራ። ሲስተር ዓለሚቱ እልል አለች፤ ኮረብታው ላይ ሆና በስልክ እልል ስትል ቢሮው በሙሉ ሰማ።

እኔ ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር። ግን ፍሬምወርኩ አዲስ ቨርዥን ባወጣ ቁጥር፣ ለደኅንነት ሲባል አሮጌውን በአዲሱ መተካት ግድ ስለሆነ፣ የእኛ ጥገና አብሮ ይጠፋል፤ ጋሽ መኳንንት እንደገና ተቀምጦ አዲሱ ላይ ይሰፋዋል። ያኔ ደግሞ ኩላሊቱ መታመም ጀምሮ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ይሄዳል፤ ከዚያ ሲመለስ ፊቱ አመድ ይመስላል።

«አስተምረኝና እኔ ልስፋው» አልኩት አንድ ቀን።

«አስተምርሻለሁ። ግን አንቺ ነገ የተሻለ ሥራ ታገኚያለሽ፤ አግኚም። ከዚያስ? ሰው ላይ የተንጠለጠለ ጥገና ጥገና አይደለም። እዚያው ዋናው ኮድ ውስጥ ካልገባ፣ እኔ በሞትኩ ማግስት በሚወጣው ቨርዥን ሲስተር ዓለሚቱ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።»

«ሞት ሞት አትበል እንግዲህ።»

«እሺ፣ ጡረታ በወጣሁ ማግስት» አለኝ። ጡረታ እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ይህን ጥገና እንደ ማሻሻያ ሐሳብ ለጠባቂዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲልክ እኔም አጠገቡ ነበርኩ። በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ የጎጃም አቤቱታ ነበር። የጠባቂዎቹን ጤንነት ይጠይቃል፣ ቤተሰቦቻቸውን ይጠይቃል፣ ለዓለም ለሠሩት ውለታ ያመሰግናል፣ ስለ አገራችን መልክዓ ምድር ያብራራል፣ ችግሩ መጨረሻው ላይ ሹልክ ብሎ ይገባል። ባለ ድመቱ የመለሰው ሁለት መስመር ነበር። «ችግሩ እኛ ጋ አይታይም፣ ማስረጃ ላክ።»

«አይታየንም አለ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «የማይታየውማ ቢሮው ኔትወርክ ስለማይጠፋ ነው!»

«ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው» አለ ጋሽ መኳንንት። «ያላየውን አየሁ እንዲል ትፈልጊያለሽ? ማስረጃ ካለ፣ ማስረጃ እንሰጠዋለን።»

የተቋረጠውን ሂደት በቪዲዮ ቀርጸን ላክን። ቪዲዮው እየተላከ ሳለ ኔትወርክ ተቋረጠና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ እኔ ሳቄን ስጨርስ እሱ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። በማግስቱ ቦሌ ያለ ጓደኛው ቢሮ ሄዶ ላከው።

ከዚያ ጸጥ አሉ። ሳምንታት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን ከፍሬምወርኩ ገጽ መልእክት መጣ። የላከው ሰው አይደለም፤ የቆዩ ሐሳቦችን እየዞረ የሚያጸዳ ቦት የሚሉት ፕሮግራም ነው። «ይህ ሐሳብ አሁንም ያስፈልጋል? ምላሽ ካልተሰጠ ይዘጋል» ይላል። ጋሽ መኳንንት አነበበው። ብድግ አለ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ለስክሪኑ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ተቀመጠ።

«አትመልስም?» አልኩት።

«መለስኩ እኮ።»

«ጋሼ፣ የምሬን ነው። አዎ፣ ያስፈልጋል ብለህ ጻፍላቸው።»

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ስሚ። እኔ ያደግኩት አባቴ በመሬት ክርክር ወረዳ ደጅ ሲጠና እያየሁ ነው። ደጅ ላይ የሚጮኸውን ዘበኛው ያባርረዋል። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ግን አንድ ቀን ሹሙ ሲወጣ ያየዋል። 'አንተ አሁንም አለህ?' ይለዋል። ሰውዬው መልስ አይሰጥም፤ ተነስቶ እጅ ይነሳል። በቃ፣ ያን ቀን ጉዳዩ ይታያል። አሁን እኔን አሁንም አለህ አሉኝ። አየሁህ ማለታቸው ነው። በዚህ ሰዓት መነዝነዝ ነገር ያበላሻል።»

«ይህ ማሽን ነው! ሹም አይደለም!»

«ማሽኑን ጠይቅ ያለው ሰው ነው። ዝም አይነቅዝም፣ ሜሮን።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልም እኮ!» አልኩት። ሳቀብኝ። ኮድ ሲሆን እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጭንቅላት፣ ደጅና ሹም ሲመጣ የአባቱ ልጅ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያን ጊዜ ትንሽ አምኜው ነበር፤ እኔም ያደግኩት ትልቅ ሰው እስኪያናግርሽ ጠብቂ ተብዬ ነው።

ቦቱ ዘጋው። «ምላሽ ስላልተሰጠበት ተዘግቷል» የሚለውን መልእክት ያነበበው እጥበት ላይ ሆኖ ነው። ቀጠሮው በሆነበት ቀን ሁሉ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በነጻው እጁ ይሠራ ነበር። ያን ቀን ልጠይቀው ሄጄ ስገባ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ደሙ በቱቦው ወጥቶ በቱቦው ሲመለስ እያየሁ ቆምኩ። በመጨረሻ «እኔ እኮ እንደተቀመጥኩ ነበር» አለ። የተናገረው ለእኔ አልመሰለኝም። በሕይወቴ ሰው ሲዋረድ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያንገበገበኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ሐሳቡን እንደገና ላከ፤ ሰላምታ የለውም፣ ምስጋና የለውም፣ ኮቱንም አልቆለፈም። አሁን ይመልሱለት ጀመር፣ ግን በእያንዳንዱ መልስ ሌላ ሥራ ይመጣል። የሙከራ ኮድ ጨምርበት አሉት፤ ጨመረ። በጣም ትልቅ ነው፣ ከፋፍለህ ላከው አሉት፤ ከፋፈለ። ከፋፍሎ ሲልክ አዲስ ቨርዥን ወጥቶ ሥሩ ተቀይሯል፣ አዲሱ ላይ አስማማው አሉት። መብራት በሄደበት ሳምንት፣ ላፕቶፑን ለመሙላት ከቤቱ ነፋስ ስልክ ድረስ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ በዚያ እግሩ ሄደ። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለት ብሎ በነጠላ ጫማ ነበር። አስማማው። ያዘዙት ሁሉ ስህተት ነው አልልም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የማላውቀውን ሰው ኮድ እንዲሁ አላስገባም። እነሱ የሚያዩት ኮዱን ነው፤ የሰውዬውን እግር ማን ያሳያቸው?

ሁሉንም ጨርሶ ላከና እንደገና ጸጥ አሉ። ያ ዝም አይነቅዝም ይል የነበረ ሰው አሁን ጠዋት ጠዋት ይጽፍላቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ «ተመልክታችሁት ይሆን?» ይል ነበር። በኋላ እያጠረ እያጠረ መጣና አንዲት ቃል ብቻ ቀረች፤ «እባካችሁ»። ገጹን ብትከፍቱት ከላይ እስከ ታች በየቀኑ የተጻፈ እባካችሁ ነው።

«ተው ጋሼ፣ ይበቃል፤ አየኸው፣ እንደ ለማኝ አደረጉህ» አልኩት።

«አዎ፣ ለማኝ ነኝ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ጊዜ የለኝማ።»

ይህን ባለኝ በሳምንቱ አረፈ።

መልሱ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ባለ ድመቱ ነው የጻፈው። በመዘግየቱ ይቅርታ ጠይቆ፣ ሥራው ግሩም ነው፣ ለመቀበል ዝግጁ ነን፣ የቀረው ጸሐፊው ኮዱን በነጻ ሰጥቻለሁ የሚለውን የአስተዋጽኦ ስምምነት በራሱ አካውንት ገብቶ መፈረሙ ብቻ ነው ይላል። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ከዚያ ተቀምጬ፣ ጸሐፊው ማረፉን ጻፍኩለት። ልጁ ደነገጠ። እውነት ለመናገር ጥሩ ልጅ ነው፤ ረጅም የኀዘን ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ እያንዳንዷን እባካችሁ ተመልሶ ማንበቡንም ነገረኝ። ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ ያልፈረመ ሰው ኮድ አይገባም። ከፈለግሽ በራስሽ ቃል ጽፈሽ በራስሽ ስም ላኪው አለኝ።

በጋሽ መኳንንት መንገድ አዲስ ጽፌ፣ ስምምነቱን ፈርሜ ላክሁት፤ ከስሜ ሥር ደግሞ የእሱን ስም አብሮ ጸሐፊ ብዬ አስገባሁ። ቦቱ ወዲያው በቀይ መለሰው፤ ሁለተኛው ጸሐፊ አልፈረመም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም፤ ቢኖርስ በሞተ ሰው ስም ልፈርም ነው? ባለ ድመቱን ለመንኩት። በእኔ እጅ ቢሆን አደርገው ነበር፣ ቦቱን ማለፍ አልችልም አለኝ። አዲሱ ቨርዥን የሚወጣበት ቀን ደርሷል። ወይ ስሙ ይሰረዛል፣ ወይ ሲስተር ዓለሚቱ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ስሙን በእጄ አጠፋሁት። ፊደል በፊደል፣ ከኋላ ወደ ፊት። እያለቀስኩ ላክሁት፤ ቦቱ አረንጓዴ አበራ፣ ተቀላቀለ። ቀጥሎ ለአዲስ ሰው ሁሉ የሚላከው መልእክት መጣልኝ፤ የመጀመሪያ አስተዋጽኦሽ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ ይላል። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

አዲሱ ቨርዥን ወጣ፣ እኛም ወሰድን፣ ምንም አልጠፋም። ሲስተር ዓለሚቱ ደውላ «ሜሮንዬ፣ ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ፣ ምስሉ ግን ካቆመበት ቀጠለ! ነፍሱን ይማረው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ።

የአርባው ዕለት ብስራተ ገብርኤል ጀርባ ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ሰው ቀለል ሲል እትዬ ፀሐይ ወደ መኝታ ቤት ጠሩኝና አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡኝ። ከል ለብሰዋል፣ ከስተዋል።

«ገባለት?» አሉኝ።

«ገባ፣ እትዬ ፀሐይ። ሙሉ በሙሉ ገባ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። ከዚያ ከአልጋው ራስጌ መነጽራቸውን አንስተው አደረጉ። «በይ አሳዪኝ። እንግሊዝኛውን ባላነበውም ስሙን አውቀዋለሁ፤ ከሐኪም ቤት ካርዱ ላይ ለምጄዋለሁ።»

አልችልም ማለት አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩላቸው። ወሰዱት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ጣታቸውን ከላይ ጀምረው መስመር በመስመር እያወረዱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር። እታች ደርሰው ተመለሱና እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጣታቸው አንድ ስም ላይ ቆመ።

«ይኸው» አሉ። «ይህቺ ናት?»

«እሷ የእኔ ናት» አልኳቸው።